ባክቴሪዮስታቲክ ውሃ ምንድን ነው? ከስቴራይል ውሃ በምን ይለያል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

በዱቄት መልክ የሚመጣ የመርፌ መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት በውሃ መበጥበጥ አለበት። ለዚህ የሚያገለግሉት ስቴራይል ውሃና ባክቴሪዮስታቲክ ውሃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ከጀርም የጸዱ ናቸው፤ ሁለቱም ቀለም የላቸውም። አንዱ ግን ተከፍቶ የተረፈው ወዲያው የሚደፋ ሲሆን፣ ሌላው ለሳምንታት ተደጋግሞ ሊቀዳ ይችላል። ይህን የሚነግረን በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጽሑፉን ሳያነቡ መቅዳት አደገኛ ነው።

ስቴራይል ውሃ ምንም ያልተጨመረበት ንጹህ ውሃ ነው። ንጽሕናውን የሚጠብቅለት እሽጉ ነው። መርፌ የጎማውን ክዳን አንዴ ከበሳው በኋላ ጀርም ቢገባ የሚገታው ነገር የለም። ስለዚህ ከ10 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ብቻ ተቀድቶ 8 ቢተርፍ፣ ስምንቱም ይደፋል። እንደ ብክነት ይቆጠር ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ድርድር አይታየኝም። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም አያድነውም፤ ቅዝቃዜ የባክቴሪያን መራባት ያዘገየዋል እንጂ የገባውን አያጠፋም። «በባዶ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ምን በልቶ ይኖራል?» ለሚል ደግሞ፣ ፕሱዶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በተጣራ ውሃ ውስጥ እንኳ መራባት እንደሚችሉ የታወቀ ነው።

ባክቴሪዮስታቲክ ውሃ ይኸው ስቴራይል ውሃ ሆኖ 0.9 በመቶ ቤንዚል አልኮል የተጨመረበት ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተደጋግሞ እንዲቀዳ በተሠራ 30 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ነው። የቤንዚል አልኮሉ ሥራ በመርፌ ቀዳዳ ሾልከው የሚገቡ ጥቂት ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ መግታት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የተበከለውን ውሃ መልሶ የሚያጸዳ ይመስላቸዋል። አያጸዳም። በቫይረስ ላይ ደግሞ ጨርሶ ኃይል የለውም። አንድ ሰው ላይ ያገለገለ ሲሪንጅ ተመልሶ ብልቃጡ ውስጥ ቢገባ፣ ከደሙ የተረፈች ዓይን የማያያት ጠብታ ሄፓታይተስ ቢን ወይም ሲን ወደሚቀጥለው ሰው ልታሻግር ትችላለች። በተለያዩ ጊዜያት የታዩ የሄፓታይተስ ወረርሽኞች መነሻቸው እንዲህ ለብዙ ሰው የተቀዳ ብልቃጥ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ነው በተቀዳ ቁጥር አዲስ መርፌም አዲስ ሲሪንጅም ያስፈልጋል የሚባለው፤ መርፌውን ብቻ መቀየር አይበቃም። የሚቻል ከሆነም አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

አምራቹ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ባክቴሪዮስታቲክ ውሃ ከተበሳ በኋላ የሚቆየው እስከ 28 ቀን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ክዳኑ መጀመሪያ ከተበሳበት ዕለት እንጂ ከተገዛበት አይደለም። ቁጥሩም እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ ባክቴሪያን የሚገታው ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ሲፈተሽ ሆን ተብሎ ጀርም ይጨመርበትና እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ይታያል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ፍተሻው የሚለው ነገር የለም። በእሽጉ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ቀድሞ ካለፈ ደግሞ የሚሠራው እሱ ነው። ብልቃጡ በተበሳ ጊዜ ቀኑን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት። ቀኑ ያልተጻፈበትን የተከፈተ ብልቃጥ ይጣሉት፤ «ከሁለት ሳምንት አይበልጠውም» በሚል ግምት መርፌ አይሞላም።

አቀማመጡ ከባድ አይደለም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ የክፍል ሙቀት፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ በካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። በረዶ እንዲሠራ ፈጽሞ መፍቀድ አይገባም፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ብልቃጡን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅም ለጀርም በር ነው። የእጅ መታጠቢያ አጠገብም አይቀመጥ፤ የሚፈናጠቀው ውሃ ክዳኑ ላይ ያርፋል። ክዳኑ ሁልጊዜ ከመቀዳቱ በፊት በ70 በመቶ አልኮል በደንብ ታሽቶ በራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አዲስ ብልቃጥም ቢሆን ይህ አይቀርለትም፤ የፕላስቲኩ መሸፈኛ አቧራ ይከላከላል እንጂ ከሥሩ ያለው ጎማ ከጀርም የጸዳ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም። ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲመች ተብሎ መርፌ ክዳኑ ላይ ተሰክቶ ከቀረ፣ ብልቃጡ አፉን ከፍቶ አደረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከተበጠበጠ በኋላ የውሃው 28 ቀን ያበቃል፤ ከዚያ የሚወስነው የመድኃኒቱ መመሪያ ነው። አንዳንዱ ለሰዓታት ብቻ ይቆያል፣ አንዳንዱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት። ከቤንዚል አልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒትም ስላለ ስቴራይል ውሃ ታዞ ሳለ በባክቴሪዮስታቲክ መተካት አይቻልም።

ባክቴሪዮስታቲክ ውሃ ለአራስ ሕፃናት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1982 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቤንዚል አልኮል ምክንያት ትንፋሽ እያጠራቸው እንደሞቱ ከታወቀ ወዲህ ማስጠንቀቂያው በብልቃጡ ላይ ሰፍሯል። በአከርካሪ በኩል ለሚሰጥ መርፌም አይሆንም። ሁለቱም ዓይነት ውሃ መድኃኒት ሳይበጠበጥበት በብዛት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል።

ውሃውን ቤት ውስጥ አዘጋጃለሁ የሚሉ ሰዎች ያሳስቡኛል። የፈላ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል እንጂ ለመርፌ አይሆንም፤ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ስፖሮች ከፍላቱ ይተርፋሉ። እነሱን ለመግደል በግፊት የታገዘ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ከሞቱት ባክቴሪያዎች የሚቀረው ትኩሳት አምጪ መርዝ በዚህ ሙቀት አይጠፋም። አሜሪካዊቷ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ፍሎረንስ ሳይበርት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያረጋገጠችው ይህንኑ ነበር፦ በተጣራ ውሃ የተዘጋጀ መርፌ ከተወጉ በኋላ ሰዎችን ያንቀጠቅጥ የነበረው ትኩሳት ከባክቴሪያ የመነጨ ነበር። ይህ መርዝ ቀለምም ደለልም ስለሌለው፣ ውሃውን ወደ ብርሃን አንስቶ በማየት አይገኝም።