ጉዳት አልባ ጥሰት ምንድን ነው? የሚያስቀው ነገር ለምን ያስቃል?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የደረሰ ሰው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሳያይ አይመለስም። ረጅም ነው፣ መላጣ ነው፣ ሲራመድ ለሽምግልና የተጠራ አዛውንት ይመስላል። እንበልና አንድ ጎረምሳ የተጠበሰ ዓሣውን ይዞ ወሬ ሲጠርቅ ይሄ ወፍ ከኋላው መጥቶ ላፍ አደረገበት። ጎረምሳው ክው ይላል። ጓደኞቹ በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ይስቃል።

ያው ወፍ የሕፃን ጣት ነክሶ ቢያደማስ? ማንም አይስቅም። ገበያው ሁሉ ይጯጯሃል።

ወፉ አንድ ነው። አንዱ ሲያስቅ ሌላው የማያስቀው ለምንድን ነው? ለዚህ ከተሰጡት መልሶች እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ «ጉዳት አልባ ጥሰት» የሚባለው ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፒተር ማግሮው እና ኬለብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ያብራሩት ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የሆነ ነገር መጣስ አለበት። የሚጣሰው ጨዋነት፣ ሥርዓት፣ የቋንቋ ደንብ ወይም የራሳችን ደኅንነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥሰቱ ጉዳት የሌለው መስሎ መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት አእምሯችን ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ጥሰቱ ብቻ ከታየን እንናደዳለን ወይም እንፈራለን። ጉዳት አለመኖሩ ብቻ ከታየን ደግሞ ነገሩ ምንም አይመስለንም።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሊቃውንትም ዝም አላሉም። ፕላቶና ሆብስ ሳቅን ከሌላው በልጦ ከመታየት ጋር አያይዘውታል። ካንት በ1790 የጠበቅነው ነገር ድንገት ወደ ባዶነት ሲለወጥ እንስቃለን አለ። ፍሮይድ በ1905 የታመቀ ስሜት መተንፈሻ ነው አለ። ሁሉም የእውነት ጫፍ ይዘዋል። ግን ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ አያስቅም። ባጃጅ መንገድ ስቶ ሱቅ ውስጥ ቢገባ ማን ጠብቆት ነበር? ሰው ለመሳቅ የሚደፍረው ሹፌሩም ባለሱቁም ደህና መሆናቸውን ካየ በኋላ ነው።

መኮርኮርንም እዩት። ራሳችንን ብንኮረኩር አንስቅም፤ እጃችን የት እንደሚያርፍ አንጎላችን ቀድሞ ስለሚያውቅ የተጣሰ ነገር የለም። የማናውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ቢኮረኩረንም አንስቅም፤ እሱ ጥቃት ነው። የሚያስቀን የምናምነው ሰው ሲኮረኩረን ነው።

የቃል ቀልድም እንዲሁ ነው። በአለቃ ገብረ ሃና ስም ከሚነገሩት አንዱን ልውሰድ። አለቃ አህያ የሚነዳ ገበሬ መንገድ ላይ ያገኛሉ። ጎንበስ ብለው «እንዴት አደራችሁ?» ይሉታል። ሰውየው ብቻውን ነው። «አደራችሁ» የተባለው ማንና ማን ነው? ስድቡ እዚያች ጋ ነው፤ ሰውየው ከአህያው ጋር ተቆጠረ። ግን ስድቡ የመጣው በሰላምታ ነው፣ ያውም እጅ በመንሳት። አንዱ ጆሮ ስድቡን፣ ሌላው ሰላምታውን ይሰማል። አለቃ ቀጥታ «አንተ አህያ» ቢሉት ኖሮ ጠብ እንጂ ቀልድ አይሆንም ነበር።

እኔን በጣም የገረመኝ የርቀት ነገር ነው። ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በኦክቶበር 2012 አሜሪካን መታ። እነ ማግሮው ስለ አደጋው የተጻፉ ቀልዶችን በተለያየ ጊዜ ለሰዎች እያሳዩ ምን ያህል እንደሚያስቁ ጠየቁ። በአደጋው ሰሞን ቀልዱ ጎመዘዘ። ከዚያ እየቆየ ማሳቅ ጀመረ፤ 36ኛው ቀን አካባቢ ከሁሉም ጊዜ በላይ አሳቀ። ከዚያ ደግሞ ደበዘዘ። ቁስሉ ትኩስ ሲሆን ጉዳቱ ይበዛል፤ በጣም ሲርቅ ጥሰቱ ራሱ ይረሳል።

ለዚህ ነው «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለው ማምለጫ የማይዋጥልኝ። ሐዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሌላውም አብሮ ቡና የሚጠጣባት ከተማ ናት። በአንዱ አነጋገር ሙድ ሲያዝ ጠረጴዛው ሁሉ ሊስቅ ይችላል። ጉዳት አለው የለውም የሚለውን ግን ቀልደኛው ብቻውን አይወስነውም። የተነካው ሰው ከተጎዳ ለእሱ ነገሩ ጥሰት ብቻ ነው። አብሮ አደግ ጓደኛው ሲለው የሚስቅበትን ቃል ከማያውቀው ሰው ሲሰማ ፊቱ ቢጠቁር አኩራፊ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ግን ቀልድን ነው። ሳቅ ራሱ ከዚያ ይሰፋል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች በየቦታው ሲያወሩ 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን መዝግቧል። ከሳቁ በፊት ከተባሉት ነገሮች ቀልድ የሚመስሉት 20 በመቶ አይሞሉም ነበር። የቀሩት «በቃ እንገናኛለን» ዓይነት ተራ ንግግሮች ናቸው። ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅም አግኝቷል። እዚያ ውስጥ የተጣሰ ነገር መፈለግ አይጠቅምም። ሰዎቹ የሚስቁት አብረው ስለሆኑ ነው።