«የዳሌኮች ቀን»፦ እንከኑ እየታወቀ የሚወደድ የጊዜ ጉዞ ታሪክ

በእንግሊዙ የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ ድራማ «ዶክተር ሁ» ውስጥ «የዳሌኮች ቀን» የሚባል ባለ አራት ክፍል ታሪክ አለ። ዶክተሩ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ የድራማው ጀግና ነው፤ ዳሌኮች ደግሞ በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ ጨካኝ የባዕድ ዓለም ፍጡራን፣ የዶክተሩ ጠላቶች ናቸው። ቢቢሲ ያሳየው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ጃንዋሪ 22 ቀን 1972 ባሉት አራት ቅዳሜዎች ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም. ተጀመረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ይህ ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመልካቾችን ሲያከራክር ኖሯል። እንከኖቹን ወዳጁም ነቃፊውም አሳምሮ ያውቃቸዋል። ሁለቱን ብትጠይቋቸው የሚዘረዝሩላችሁ አንድ ዓይነት ነገር ነው። የሚለያዩት ምን ሊያዩ እንደተቀመጡ ላይ ነው። ዳሌኮችን ሊያይ የተቀመጠ ሰው ቅር ብሎት ይነሳል። የጊዜ ጉዞ ታሪክ ሊያይ የተቀመጠ ደግሞ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ።

ታሪኩ

ዓለም ለሦስተኛው ጦርነት አንድ ሐሙስ ቀርቷታል። ሰር ሬጂናልድ ስታይልስ የሚባል እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ኃያላኑን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጥ ይለፋል። ጉባኤው የሚካሄደው አውደርሊ በሚባል ትልቅ የገጠር መኖሪያ ቤት ነው። ቻይና ግን አልገባም ብላለች። ስታይልስ እሷን ሊያግባባ ወደ ፔኪንግ (ዛሬ ቤጂንግ) ለመብረር ይሰናዳል። ከመሄዱ በፊት የጦር ልብስ የለበሰ ሰው ድንገት ክፍሉ ውስጥ ብቅ ይልና መሣሪያ ይደቅንበታል። ወዲያው እንደ ጉም ብን ብሎ ይጠፋል።

ዶክተሩና ረዳቱ ጆ ግራንት ነገሩን ለማጣራት እዚያው ቤት ያድራሉ። ያ ሰው የመጣው ከ22ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሌሎችም ይከተሉታል፤ አናት፣ ቦአዝ እና ሹራ ይባላሉ። ሽምቅ ተዋጊዎች ናቸው። በእነሱ ዘመን ምድርን የሚገዙት ዳሌኮች ናቸው። ታሪክ ሲነገራቸው የኖረው እንዲህ ነው፦ ስታይልስ ሰላም የሚፈልግ መስሎ የጉባኤውን ቤት በቦምብ አጋየው፣ መሪዎቹ አለቁ፣ መቶ ዓመት የፈጀ ጦርነት ተነሳ፣ ከሰው ልጅ ከስምንት ሰባት እጁ ጠፋ። ዳሌኮች የደረሱት ይህ ሁሉ ሆኖ የተረፈው ሰው አቅም ሲያጣ ነው። ስለዚህ ተዋጊዎቹ ስታይልስን ቀድመው ሊገድሉት መጡ።

እውነቱ የሚወጣው በአራተኛው ክፍል ነው። ስታይልስ ንጹሕ ሰው ነው። ጉድለቱ ትዕቢት ብቻ ነው። ቤቱን የሚያፈነዳው ሹራ ነው። ከጓዶቹ ተቆራርጦ፣ ቆስሎ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ቦምቡን ይዞ አድፍጧል። ስታይልስ ሲገባ ሊያፈነዳው ይጠብቃል። ሊያስቀሩት የመጡትን የመከራ ዘመን የሚወልዱት እነሱ ራሳቸው ናቸው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንላለን። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የፈሩትን በገዛ እጃቸው ይጠሩታል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ማስተካከል የሚል ሐሳብ ዛሬ በፊልሙም በተከታታይ ድራማውም ሞልቷል። ይህ ግን በ1972 ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚያዩት ፕሮግራም ነበር። «ዶክተር ሁ» ራሱ እስከዚያ ድረስ የጊዜ ጉዞን በአብዛኛው እንደ መጓጓዣ ነበር የሚጠቀምበት። ገጸ ባሕርያቱ አንድ ዘመን ላይ ይደርሳሉ፣ ጀብዱው እዚያ ይካሄዳል፣ አበቃ። እዚህ ላይ ጉዞው ራሱ የችግሩ ምንጭ ሆነ። ብዙ ተመልካቾች ሌላውን ሁሉ ይቅር የሚሉት ስለዚህ ነው።

ዳሌኮቹ እንዴት ገቡ?

ደራሲው ሉዊስ ማርክስ ነው። መጀመሪያ ሲያቀርበው ድርሰቱ ውስጥ ዳሌክ የሚባል ነገር አልነበረም። ፕሮዲዩሰሩ ባሪ ሌትስና የድርሰት አርታኢው ቴራንስ ዲክስ አዲሱን ሲዝን በትልቅ ነገር መክፈት ፈለጉ። ዳሌኮች ከ1967 ወዲህ የራሳቸው ታሪክ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከፈጣሪያቸው ከቴሪ ኔሽን ፈቃድ ተገኘና በማርክስ ድርሰት ውስጥ ገቡ።

ይህ ውሳኔ በረከትም ጦስም አመጣ። ተመልካች ጎረፈ። በየሳምንቱ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ሬዲዮ ታይምስ መጽሔት በፍራንክ ቤላሚ ሥዕል ሽፋኑን አስውቦ ወጣ። ዳሌኮች በቴሌቪዥኑ ድራማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም የታዩትም ያኔ ነው። ግን ታሪኩ ውስጥ ብዙ ሥራ የላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ትእዛዝ ያወርዳሉ። ጉልበቱ የኦግሮኖች ነው፤ ዝንጀሮ መሰል አገልጋዮቻቸው ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩትም እዚህ ነው። አስተዳደሩን የያዘው ደግሞ ሰው ነው። «ዳሌኮቹን አውጥታችሁ ሌላ ጨካኝ ብትተኩባቸው ታሪኩ ፍንክች አይልም» የሚል አስተያየት ተደጋግሞ ይሰማል። እውነት ነው። ነገር ግን ዳሌኮቹ ባይኖሩ ይህን ታሪክ ዛሬ ስንት ሰው ያስታውሰው ነበር?

ሰው ቅር የሚለው በምኑ ነው?

የመጀመሪያው ቅሬታ ድምፁ ነው። ዳሌክን ዳሌክ ያደረገው ቅርጹ ብቻ አይደለም። ሲቆጣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ፣ መጨረሻ ላይ እስኪጮህ ድረስ ይወጣል። ያንን የለመዱት እንደ ፒተር ሆኪንስና ሮይ ስኬልተን ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ለዚህ ታሪክ ግን ኦሊቨር ጊልበርትና ፒተር ሜሳሊን የሚባሉ አዲስ ሰዎች ተቀጠሩ። አነጋገራቸው የተቆራረጠና ዝርግ ነው። ቃል ይባላል፣ ዕረፍት ይሆናል፣ ሌላ ቃል ይባላል። ፊደል የሚቆጥር ተማሪ ይመስላሉ። የድሮዎቹን ዳሌኮች በጆሮው ይዞ ያደገ ሰው ይህን መልመድ ያቅተዋል።

ሁለተኛው የመጨረሻው ውጊያ ነው። ዳሌኮቹ ጉባኤው ላይ ሊያደርሱ የፈለጉትን ጥፋት ለማረጋገጥ ራሳቸው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ይመጣሉ። በዳይሬክተሩ በፖል በርናርድ እጅ የነበሩት ዳሌኮች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ወርቃማ፣ ሁለቱ ግራጫ። ቀረጻው በበኪንግሃምሻየር በሚገኘው ድሮፕሞር ፓርክ ነው። ትዕይንቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሦስቱ ዳሌኮች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ቤቱ ይመጣሉ። አብረዋቸው ጥቂት ኦግሮኖች አሉ። ወታደሮቹ ይተኩሳሉ። ካሜራው ቀረብ ብሎ የአንዱን ዳሌክ አናት ብቻ ቢያሳይ ኖሮ ከኋላው ስንት እንዳለ እኛው በሐሳባችን እንሞላው ነበር። ካሜራው ግን ራቅ ብሎ ሜዳውን ያሳየናል። ያኔ ቆጥረን እንጨርሳለን። ዓለምን የገዛ ጦር ሦስት ሆኖ ሲመጣ ልብ አይደነግጥም።

ሦስተኛው የማሳደድ ትዕይንቱ ነው። ዶክተሩን የሚጫወተው ጆን ፐርትዊ ሞተርና መኪና ነፍሱ ነበር። በሦስተኛው ክፍል ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ላይ ከጆ ጋር ተፈናጦ ያመልጣል። ኦግሮኖቹ በእግር ይከተሉታል። ሞተሩ ከሯጮቹ እምብዛም አይፈጥንም። ለታሪኩ የሚጨምረው ነገርም የለም።

የጎደለው ትዕይንት

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያው ክፍል ላይ ዶክተሩ ቤተ ሙከራው ውስጥ የጊዜ መጓጓዣውን መቆጣጠሪያ ሲጠግን በሩ ይከፈታል። የሚገቡት ራሱ ዶክተሩና ጆ ናቸው! ሁለቱ ጥንዶች አፍጥጠው ይተያያሉ። ትንሽ ቆይቶ የመጡት ይጠፋሉ። ታሪኩ እንዲያልቅ የታሰበው በዚሁ ትዕይንት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን በሩ ላይ ከቆሙት ጋር ሆነን፣ ውስጥ ያሉትን የትናንት ሰዎች እያየን። መግቢያውና መውጫው ይገጥም ነበር። ስለ ክብ ጊዜ የሚያወራ ታሪክ ራሱ ክብ ይሆን ነበር።

መዝጊያው ቀረ። መክፈቻው ብቻውን ተንጠልጥሎ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው «ያ የመጀመሪያው ነገር ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቴራንስ ዲክስ በ1974 ታሪኩን በመጽሐፍ ሲያወጣው ያንን መዝጊያ መልሶ አስገብቶታል። ይህን ታሪክ መጀመሪያ በመጽሐፍ ያነበቡ እንግሊዛውያን ከሌሎቹ የበለጠ የሚወዱት ይመስለኛል። በሐሳባቸው ያዩት ውጊያ ሦስት ዳሌክ ብቻ አልነበረውም፤ መጨረሻውም ነበራቸው።

ተቆጣጣሪው

የሚነቅፉትም ሳይቀሩ አንገታቸውን ነቅንቀው የሚያመሰግኑት አንድ ሰው አለ። ኦብሪ ውድስ የተጫወተው «ተቆጣጣሪ» ነው። የወደፊቷን ምድር ለዳሌኮች የሚያስተዳድር ሰው ነው። ለእኛ ይህን ሰው ለመግለጽ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ባንዳ ነው።

ግን ቀላል ባንዳ አይደለም። ጆ ግራንትን በወይን ፍሬና በጥሩ ምግብ ይቀበላታል፣ በትሕትና ያናግራታል፣ እሷም ደህና ሰው ነው ብላ ታምነዋለች። ዶክተሩ ሲያፋጥጠው ግን ይንገዳገዳል። ቤተሰቡ ለትውልዶች ዳሌኮችን አገልግሏል። እሱ ባይኖር ሌላ የባሰ ይመጣ ነበር፤ እሱ በመኖሩ ትንሽ ነገር አስፈቅዷል፣ ነፍስም አድኗል። ይህ መከራከሪያ የትም አገር ተሰምቷል። ወራሪ ሲመጣ ያደረው ሰው ሁሉ ለራሱ የሚነግረው ነው። ዶክተሩ ኋላ ላይ ተዋጊዎቹ ሊገድሉት ሲሉ ያድነዋል። ተቆጣጣሪው ያንን ውለታ አይረሳም። በዋሻው ሲያገኘው አሳልፎ መስጠት ሲችል ይለቀዋል። የበታቹ ያቃጥርበታል፤ ዳሌኮቹም ይገድሉታል። ከመሞቱ በፊት ያለው ፊቱ የታሪኩ ምርጥ ትወና ነው። ድምፁ ያስቀየመው ተመልካች እንኳ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ቋጠሮው ይፈታል?

በታሪኩ መጨረሻ ቤቱ ይፈነዳል። ግን ጉባኤተኞቹ ቀድመው ወጥተዋል፣ ውስጥ የቀሩት ሹራና ዳሌኮቹ ናቸው። ጦርነቱ አይነሳም። ታዲያ ጦርነቱ ካልተነሳ ሹራን ማን ላከው? ቦምቡስ ከየት መጣ? ታሪኩ መልስ አይሰጥም። አመክንዮ አጥባቂ የሆኑ ተመልካቾች ይህን እንደ ትልቅ ቀዳዳ ይቆጥሩታል።

ጆም ቀደም ብላ ጥሩ ጥያቄ ታነሳለች፦ ተዋጊዎቹ ካልተሳካላቸው ተመልሰው ለምን ደጋግመው አይሞክሩም? ዶክተሩ «የብሊኖቪች ገደብ» ስለሚባል ነገር ማስረዳት ይጀምርና ሳይጨርስ ይቋረጣል። ከዚህች ያልተጨረሰች ዓረፍተ ነገር በተከታታዩ ውስጥ የሚኖር ሕግ ወጣ። በ1983 «ሞድሪን አንዴድ» በተባለው ታሪክ አንድ ሰው ከሌላ ዘመን ራሱ ጋር ሲነካካ ኃይል ይፈነዳል፤ ምክንያቱ ይኸው ገደብ ነው። እኔ ቀዳዳውን አልክድም። ግን ሹራ ምድር ቤቱ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ሲቀር ስለ ቀዳዳው የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሊገድለው የመጣውን ሰው አድኖ፣ የተሳሳተውን በሞቱ ያርማል።

የ2011 እትም

በ2011 ታሪኩ በዲቪዲ ሲወጣ አብሮት ልዩ እትም ተዘጋጀ። በአዲሱ «ዶክተር ሁ» የዳሌኮች ድምፅ የሆነው ኒኮላስ ብሪግስ ድምፁን እንደገና ቀዳው። አዲስ የተቀረጹ ምስሎችና የኮምፒውተር ውጤቶች ተጨመሩ። ውጊያው ሰፋ፤ የዳሌኮቹ መሣሪያ ጨረርም ጨረር መሰለ።

አቀባበሉ ለሁለት ተከፈለ። ብዙዎች «በልጅነታችን ያየን የመሰለን ይህን ነው» ብለው ተደሰቱ። ሌሎች ደግሞ ሥራው የ1972 ሰዎች ነውና አይነካ አሉ። ለእኔ ልዩ እትሙ ያስተማረኝ ነገር አለ። ድምፁ ሲስተካከል ዳሌኮቹ በእርግጥ ያስፈራሉ። ሥራ ግን አሁንም የላቸውም። መዝጊያውም አሁንም የለም። በዓይንና በጆሮ የሚታወቀው እንከን ተጠግኗል፤ ድርሰቱ ላይ የነበረው እዚያው ነው። ጥንካሬውም እንዲሁ፤ ሹራና ተቆጣጣሪው በአሮጌውም በአዲሱም እኩል ይነካሉ።

የወቅቱን ፖለቲካ ማወቅም ይረዳል። ቻይና በተባበሩት መንግሥታት መቀመጫዋን ያገኘችው በ1971 ኦክቶበር ነው። ታሪኩ ታይቶ ባለቀ በወሩ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፔኪንግ ገባ። የስታይልስ ጉዞ ለዚያን ጊዜ ተመልካች የሩቅ ተረት አልነበረም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩት ከሆነ ከ1972ቱ ጀምሩ። ሁለት ክፍል ዛሬ፣ ሁለት ክፍል ነገ ይበቃል። የዳሌኮቹን ድምፅ ለአሥር ደቂቃ ታገሡት፤ ኋላ ጆሮ ይለምደዋል። ሲያልቅ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍል መክፈቻ መልሳችሁ እዩት፤ ያ በሩ ተከፍቶ ሁለቱ የሚገቡበትን። የጎደለው መዝጊያ እሱ ነው።