አላሁዌላ፦ ከኤርፖርቱ አጠገብ ላፕቶፕ ይዞ መኖር

ኮስታ ሪካ የሚገባ ሰው ቲኬቱ ላይ ሳን ሆሴ ይላል፣ የሚያርፈው ግን አላሁዌላ ነው። የሁዋን ሳንታማሪያ አየር ማረፊያ ከአላሁዌላ መሃል 3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ አብዛኛው እንግዳ ይቺን ከተማ የሚያውቃት በአንድ ሌሊት ነው። ማታ ይደርሳል፣ ይተኛል፣ ሲነጋ ወደ ባህሩ ወይም ወደ ፖአስ እሳተ ገሞራ ይሄዳል። ለወራት ተቀምጦ በሪሞት የሚሠራ ሰው የሚያገኛት ከተማ ሌላ ናት።

የተቆረቆረችው በ1782 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ናት። መሃል ላይ ያለው መናፈሻ በትልልቅ የማንጎ ዛፎች የተሞላ ስለሆነ የማንጎ ከተማ ይሏታል። ኤርፖርቱ በስሙ የተጠራው ሁዋን ሳንታማሪያም የዚሁ ልጅ ነው፤ በ1856 ኒካራጓ ውስጥ ሪቫስ ላይ የአሜሪካዊው ጀብደኛ የዊልያም ዎከር ወራሪዎች የመሸጉበትን ቤት በችቦ ሲያቃጥል የሞተ ከበሮ መቺ። ሚያዝያ ውስጥ የሱ ቀን ሲከበር ተማሪዎች ከበሮ እየመቱ በሰልፍ ይወጣሉ፣ ያን ቀን ስብሰባ ባትይዙ ይሻላል።

ሐሩር አገር ሲባል ላብ በላብ የሚያደርግ ሙቀት የሚታሰበው ሰው እዚህ ትንሽ ይገረማል። ከፍታዋ 950 ሜትር አካባቢ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ግን ይቀዘቅዛል፣ ለብዙ ቤት ኤሲ ሳያስፈልግ ቬንትሌተር ይበቃል። ችግሩ ክረምቱ ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ጠዋቱ ፀሐይ ሆኖ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይገለበጣል። ጣሪያው ደግሞ በብዛት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ላይ ዶፍ ሲወርድ ስብሰባ ላይ የነበረ ሰው የራሱንም ድምፅ አይሰማም፣ ማይኩን ዘግቶ በጽሑፍ ብቻ መመለስ ይጀምራል። ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ቤት ስትከራዩ ኮርኒስ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዋይፋዩ ፍጥነት ያልተናነሰ ጥያቄ ነው። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ግዙ። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎትና ከነፋስ የሚመጣ ነው፣ ፋይበር ኢንተርኔትም በከተማው አለ። ገላ መታጠቢያው ውኃውን እዛው አናቱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ዓይነት ከሆነ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

ርካሽ ናት ወይ? ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው ነገሩ። ኮስታ ሪካ በመካከለኛው አሜሪካ ውድ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። አላሁዌላ ርካሽ የምትሆነው የውጭ አገር ሰዎች ከሚበዙበት ኤስካሱ ወይም ከባህር ዳሩ ታማሪንዶ ጋር ስትተያይ ነው፤ እዚህ ቤት የሚከራየው በብዛት አገሬው ስለሆነ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። በ2022 አጋማሽ 1 ዶላር ወደ 700 ኮሎን (የአገሪቱ ገንዘብ) ይመነዘር ነበር፣ በ2024 ወደ 500 ገደማ ወረደ። ደሞዙ ሳይቀነስ ገበያ ላይ ያለው አቅም ከሩብ በላይ ቀለጠ ማለት ነው። መፍትሔው እንደ አገሬው መብላት ነው። ማዕከላዊ ገበያው ውስጥ ሶዳዎች አሉ፣ የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ማለት ነው። ካሳዶ ብላችሁ ስታዙ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሰላጣ፣ የተጠበሰ ሙዝና ሥጋ በአንድ ሳህን ይመጣል። ቃሉ «ያገባ» ማለት ነው፣ ለምን እንደዛ እንደተባለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ተረት ይነግራችኋል።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ2021 የወጣው ሕግ ቁጥር 10008 ከውጭ አገር ደሞዝ ለሚያገኝ ሰው የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። በወር 3000 ዶላር ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል፣ ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ 4000፣ የጤና መድንም ግዴታ ነው። ከውጭ በሚገባው ገቢ ላይ የገቢ ግብር አይከፈልም። ለአገሬው ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት ግን ክልክል ነው። ፈቃዱ የባንክ አካውንት ለመክፈትም ያገለግላል፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ ባንክ ሲንፔ ሞቪል፣ ማለትም በስልክ ቁጥር ገንዘብ መላኪያው የለም፣ ያለ ሲንፔ ደግሞ ቧንቧ ሠሪውም ዳቦ ሻጩም «ስልክ ቁጥሬ ላይ ላክልኝ» ሲል ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። ለአሜሪካ አለቃ ይመቻል። ለአውሮፓ ግን በብርዱ ወራት በርሊን ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን አላሁዌላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ እንግዲህ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ኤርፖርቱ አጠገብ መሆን ጥቅሙ የሚታወቀው ጎህ ሳይቀድ በረራ ሲኖር ነው። ሳን ሆሴ የሚኖረው ሰው ፕሬሳውን፣ ማለትም የመንገድ መጨናነቁን ፈርቶ በሌሊት ሲነሳ እናንተ ቡና ትጠጣላችሁ። ማኮብኮቢያው ግን አንድ ብቻ ነው። በ2015 የቱሪያልባ እሳተ ገሞራ አመድ ሲተፋ ኤርፖርቱ ተዘግቶ ነበር። አውሮፕላን በሚያልፍበት መስመር ሥር ያለ ቤት ደግሞ ከመከራየታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት።

አድራሻ ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የሚነገራችሁ «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን፣ 50 ወደ ምሥራቅ» ተብሎ ነው፣ 100 ሜትር ማለትም ቢረዝም ቢያጥር አንድ ብሎክ ነው። ምልክቱ ከፈረሰ በኋላም ስሙ ይቀራል፤ ሳን ሆሴ አካባቢ ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆነው የሾላ ዛፍ እስካሁን አቅጣጫ ይነገርበታል። ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ መደወሉ አይቀርም፤ በስፓኒሽ በሩ ምን ቀለም እንደሆነና የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ይጠይቃችኋል።