ክሊኒካል ጀጅመንት ምንድን ነው?

ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለላይሰንሰር፣ ማለትም ለሥራ ፈቃድ ፈተና፣ የሚዘጋጁ የነርሲንግ ተማሪዎች በሚቀባበሏቸው ጥያቄዎች መልስ ሥር አንድ ማብራሪያ አይጠፋም፦ ኤርዌይ (የአየር መተላለፊያው) ከብሪዚንግ (ከትንፋሽ)፣ ብሪዚንግ ከሰርኩሌሽን (ከደም ዝውውር) ይቀድማል፤ ክሊኒካል ጀጅመንት ማለት ይኸው ነው። አይደለም። ይህ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ኤ ቢ ሲ የሚባለው ቅደም ተከተል የሚያገለግለው ሁለት አዲስ አደጋዎች እኩል ሲገጥሙ ነው። አደጋው ያለው የትኛው ታካሚ ላይ እንደሆነ ለይቶ አይነግራችሁም፤ ጀጅመንት የሚባለው ያ መለየት ነው። የአሜሪካው የነርሶች የፈቃድ ፈተና ከኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ፣ ምልክት ከመለየት አንስቶ ውጤቱን እስከ መገምገም በስድስት ደረጃ ከፍሎ ይጠይቃል። ስድስቱን መሸምደድም ግን ኤ ቢ ሲን ከመሸምደድ አይሻልም።

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ዋርድ አራት ታካሚዎች ተረከባችሁ እንበል። አንደኛው የቆየ የሳንባ በሽታ፣ ሲኦፒዲ፣ ያለባቸው አባት ናቸው፤ ኦክስጅናቸው 90 በመቶ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 22፣ ትናንትም እንዲሁ ነበሩ። ሁለተኛዋ ደንጊ፣ በትንኝ የሚተላለፈው የትኩሳት በሽታ፣ ከጀመራት አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ትናንት 39.4 የነበረው ትኩሳቷ ዛሬ 37.2 ገብቷል፣ ግፊቷ 100 በ84፣ የልብ ምቷ 118፣ ሆዷን ያማታል፣ አልጋው ላይ ትገላበጣለች። ሦስተኛው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተሠርቶለት ሕመሙን ከ10 ሰባት ይላል። አራተኛዋ የስኳር ታካሚ ናት፤ ስኳሯ 210 ነው።

ሸምዳጁ ወደ አባት ይሮጣል፤ 90 ሲያይ ቢ የምትለዋ ፊደል ትታየዋለች። ለእሳቸው ግን ከ88 እስከ 92 የምንፈልገው ልክ ነው። 98 ለማድረስ ኦክስጅን መልቀቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲጠራቀምባቸው ሊያደርግ ይችላል።

የምትቀድመው ሁለተኛዋ ናት። ላይኛው ግፊት 100 ስለሆነ ስቴብል (የተረጋጋች) ናት የምትል ካለህ፦ ከ100 ላይ 84 ቀንስ። 16 ነው። በደንጊ በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሾክ፣ ማለትም ደም ለሰውነት በበቂ አለመድረስ፣ ተጀምሯል። የደሙ ውሃ፣ ፕላዝማው፣ ከሥሩ እየሾለከ ነው፤ ሥሮቹ ስለተኮማተሩ ታችኛው ከፍ ይላል፣ ላይኛው ደግሞ እስከ መጨረሻው ይታገላል። ትኩሳቱ መውረዱም መዳን አይደለም፤ መሹለኩ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ልክ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው።

ድሬ ያደገ ሰው ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱ ወንዝ ያውቃል። አሸዋው ደረቅ፣ የከተማው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ በደንገጎ ተራራ በኩል ከጠቆረ ግን ጎርፉ መንገድ ላይ ነው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የበረደው ትኩሳት የከተማው ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ የሚሾልከው ፕላዝማ ተራራው ላይ የሚወርደው ዝናብ፤ የተኮማተሩት ሥሮች ደግሞ የወንዙ ዳር ግንብ ናቸው፤ እስኪደረመስ ድረስ ደህና ይመስላል። 100 በ84ን ኖርማል ያለ ሰው አሸዋውን ብቻ አይቷል።

ቀጥሎ እጇን ያዙ። ቀዝቃዛና ላብ ያለበት ነው? የጣቷን ጫፍ ለ5 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ደሙ እስከ 2 ሰከንድ መመለስ አለበት። ሽንቷንም ጠይቁ፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በሰዓት ቢያንስ 25 ሚሊ ሊትር ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄው ላይ ምልክቶቹ ከተሰጡ ግን «ተጨማሪ አሴስመንት (ምርመራ)» የሚለውን አትምረጡ፤ «አሴስመንት ይቀድማል» የሚለውም ሌላው ሽምደዳ ነው።

ግፊት መለኪያው ጨርቅ ለክንዱ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን ያንረዋል። እጅ ሲቀዘቅዝም የጣት ኦክስጅን መለኪያው አይታመንም። ሐረርና ድሬ ላይ ደግሞ ጫት መቃምን ሳትጠይቁ ፈጣን የልብ ምትን አትተርጉሙ፤ ጫት ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። የሆድ ሕመሙንና የጠበበውን ልዩነት ግን በጫት አታመካኙ።

ለሐኪሙ «ግፊቷ አላማረኝም» አትበሉ። «ደንጊ፣ አምስተኛ ቀን፣ 100 በ84፣ ምት 118፣ እጇ ቀዝቃዛ፣ ጣቷ 4 ሰከንድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት 60 ሚሊ» በሉ። ካኑላውን፣ ማለትም የደም ሥር መስመሩን፣ ክፈቱ፤ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር የተባለውን ፈሳሽ አዘጋጁ። ለአዋቂ የተለመደው ትእዛዝ በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእሷ ከ250 እስከ 500። ለሕመሟ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አይሰጥም፤ ደም መፍሰስን ያባብሳል። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ፈሳሹን ሰቅሎ መሄድ ግን አይቻልም። ምቷና በግፊቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልዩነት ይታይ፤ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴሎች ድርሻ) ይደገም። እሷ ሳይሻላት ሄማቶክሪቱ ከጨመረ መሹለኩ አልቆመም። ሳይሻላት ከወረደ ግን ውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልጋት ሌላ ከረጢት ሳላይን ሳይሆን ደም ነው።