በእንዶድ ራስ መታጠብ

እንዶድ (በትግርኛ ሽብጢ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ) በደጋና በወይና ደጋ አጥርና ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። የፋብሪካ ሳሙና አገር ሳይገባ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረው ፍሬው ነው፤ ራስም ይታጠቡበታል፣ በተለይ ፎረፎር ወይም ቆረቆር ሲያስቸግር።

ሥራውን የሚሠራው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን በአንድ ወገኑ ውሃ፣ በሌላው ቅባት ስለሚይዝ የፀጉሩን ወዝ ከአቧራው ጋር አላቆ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ከሳሙና የሚሻልበት አንድ ጉዳይ አለ። ካልሲየም በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሳሙና አረፋው ይጠፋና ፀጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፤ እንዶድ ግን እዚያም አረፋ ይሰጣል።

ፍሬው የሚለቀመው አረንጓዴ ሳለ ነው። በስሎ ከቀላ ሳፖኒኑ ይቀንሳል፣ ሥጋውም ስለሚጣበቅ ለማድረቅ ያስቸግራል። ዘለላው ተዘርግቶ በጣት ሲጫኑት እስኪሰበር ድረስ ይደርቃል። እርጥበት የቀረበት ፍሬ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ሲወቀጥ አፍና አፍንጫ በጨርቅ መሸፈን የግድ ነው፤ ብናኙ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል።

ለአንድ ራስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት (10 ግራም ገደማ) ለአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው ላይ ልዩነት አለ። ልብስ አጣቢዎች በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ የተፈጨ ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኤንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይለውጠዋልና። ለራስ ቆዳ ይህ ኃይል አያስፈልግም። ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ ቢፈስበት ኤንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፣ አረፋው ግን አይጠፋም። ለብ እስኪል ከቆየ በኋላ በሳሳ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጠለላል። በደንብ ያልተጠለለ እንደሆነ ፍርፋሪው ፀጉር ውስጥ ይቀርና ሲደርቅ ፎረፎር ይመስላል፤ ብዙ ሰው “እንዶድ ፎረፎር አመጣብኝ” የሚለው በዚህ ነው። የተረፈው በዚያው ቀን ይደፋል፤ ካደረ ይቦካል፣ ይሸታል።

ፀጉሩ አስቀድሞ በውሃ መራስ አለበት። ጭንቅላት ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ውሃው ከግንባር ወደ ማጅራት ይፈስሳል፤ የራስ ቆዳ በጣት ጫፍ ለሁለት ደቂቃ ያህል ታሽቶ ይለቀለቃል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር በአንድ ዙር አይለቅም። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ቅቤው ይላላል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይታጠባል። በመጀመሪያው ዙር አረፋ ባይታይ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ቅባቱ በልቶት ነው። ዱቄት በመጨመር ማስተካከል ግን ስሕተት ነው፤ የበዛ እንዶድ ፀጉሩን አድርቆ ያንኮሻኩሸዋል፣ የራስ ቆዳም ያሳክካል። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይመከርም።

እንዶድን ዓለም ያወቀው ከፀጉር ጋር በማይገናኝ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሊያጠኑ አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው የወንዙ ክፍል በዝተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢጨምሩባቸው ሞቱ። በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። ከ1969 ጀምሮ አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ውጤቱ ሁሉ የእንዶድ ብቻ ነው ወይ የሚል ክርክር ተነሥቷል፤ የሕፃናቱ ቁጥር ግን በቂ መልስ ይመስላል። በኋላም ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየአካባቢው ከተሰበሰቡት ዝርያዎች ቁጥር 44 የተባለውን በኃይሉ አስመሰከሩ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ዜብራ መስል በተባለው ባለ ሁለት ቅርፊት የውሃ እንስሳ ላይ ለመጠቀም ፓተንት (የባለቤትነት መብት) ማውጣቱ ለአገር ቤት ሰው እስከ ዛሬ የሚቆረቁር ነገር ነው።

እንዶድ የሚጠጣ አይደለም። ለኮሶ ማሻሪያና ጽንስ ለማስወረድ የጠጡ ሰዎች ተመርዘዋል፣ የሞቱም አሉ። ዱቄቱ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ራሱ የቆሰለ ሰውም አይታጠብበት። ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። እጣቢው ዓሣ ስለሚገድል ወንዝና ኩሬ ውስጥ አይደፋም።

እንዶድ ለሚያሳክከው ሰው የቁርቁራ ቅጠል አለ፤ በሶማሌ ዱቄቱ ቀሲል ይባላል። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በጠባብ ወንፊት ይነፋል። አራት የሾርባ ማንኪያ ያህሉ ለብ ባለ ውሃ ታሽቶ እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ራስ ላይ ተቀብቶ ለአሥር ደቂቃ ይቆያል። አረፋው ትንሽ ነው፣ ለስላሳ ልጋግ ግን አለው። ሳይደርቅ መታጠብ አለበት፤ ከደረቀ ከፀጉሩ ሥር በቀላሉ አይለቅም።