«ከድህነት ወለል በታች» ሲባል፦ የሮቸስተር ምሳሌ

በኒው ዮርክ ግዛት ያለችው ሮቸስተር 210 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው ከድህነት ወለል በታች ነው ይባላል። አባባሉ ብዙ ሰው ያደናግራል።

ወለሉ የአሜሪካ መንግሥት የሚያወጣው፣ የቤተሰቡን ቁጥርና ዕድሜ እያየ የሚለያይ የገንዘብ መጠን ነው። ሁለት ልጅ ለሚያሳድጉ ሁለት አዋቂዎች በ2023 እ.ኤ.አ. 30,900 ዶላር ነበር። አብሮ የሚኖረው ቤተሰብ ገቢ፣ ግብር ሳይቀነስ፣ ይደመራል። ድምሩ 30,899 ከሆነ አራቱም ድሃ ተብለው ይቆጠራሉ፤ 30,900 ከሞላ ግን አንዳቸውም አይቆጠሩም። የምግብ ድጎማና የቤት ኪራይ እርዳታ አይደመርም። ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ከሆነም የአንደኛው ገቢ ለሌላው አይታሰብም።

ስሌቱን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያ የነበረችው ሞሊ ኦርሻንስኪ ስትሆን መነሻዋ የርካሽ ምግብ ወጪ በሦስት ሲባዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዋጋ ንረት ልክ ይስተካከላል እንጂ የኪራይ ልዩነትን አያይም፤ ለሮቸስተርም ኪራይ እጅግ ውድ ለሆነባት የኒው ዮርክ ከተማዋ ማንሃተንም አንድ ነው። ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ይመስለናል።

የከተማው አማካይ ደግሞ ሰፈሮቹን ይሸፍናል። ድህነቱ የከተማውን መሃል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በከበቡት ሰፈሮች ላይ ይበረታል፤ ጥቂት ማይል ርቀው ያሉት እንደ ፒትስፎርድ ያሉ ባለጸጋ መንደሮች ግን የራሳቸው አስተዳደር ስላላቸው በከተማው ቁጥር ውስጥ የሉም። የሰፈር ቁጥር ስታዩ የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ የአምስት ዓመት መረጃ አሰባስቦ የሚያወጣውን ዳሰሳ ተጠቀሙ፣ አጠገቡ የተጻፈውንም የስህተት ህዳግ አንብቡ። 30 በመቶ ተብሎ ህዳጉ 12 ከሆነ፣ እውነተኛው ከ18 እስከ 42 ሊሆን ይችላል።