ፖሊሽ ምንድን ነው? የደበዘዘ የመኪና ቀለም በቤት ስለማደስ

«መኪናዬን ፖሊሽ ላድርጋት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚታየው ላዩ ላይ የሚቀባ፣ የሚያበራ ነገር ነው። የዕቃው ማስታወቂያም ይህንኑ ያጠናክርለታል። ፖሊሽ ግን ቀለም ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ይፍቃል። ውስጡ በዐይን የማይለዩ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። እነሱ የተጎዳውን የላይኛውን ገጽ በስሱ ገፈው ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ያወጣሉ። ይህች አንድ ነገር ከገባች የቀረው ተከትሎ ይመጣል፦ የትኛው መኪና እንደሚድን፣ የትኛው እንደማይድን፣ ገንዘብ የት እንደሚያዋጣና የት እንደሚባክን።

የሚፋቀው ምኑ ነው ታዲያ? በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ በመጣው አሠራር የመኪና ቀለም የተደራረበ ነው። ላሜራው ላይ መጀመሪያ የዝገት መከላከያው፣ ቀጥሎ ፕራይመር የተባለው ቀለሙን የሚያስይዘው ሽፋን፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ክሊር የሚባለው መልክ አልባ ሽፋን ያርፋል። ሁሉም ተደማምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነውና፣ መኪናውን የሚያበራው ሽፋን ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር የሚቀነሰው ከዚህች ላይ ነው። የፀሐይን አልትራቫዮሌት የሚመክተው ንጥረ ነገርም ያለው እዚሁ ውስጥ ስለሆነ፣ ክሊሩ በሳሳ ቁጥር ከሥሩ ያለው ቀለም መጠለያ ያጣል። «በየወሩ ፖሊሽ ቢደረግ መልካም ነው» የሚል ምክር ከሰማችሁ ጆሮ አትስጡት።

መኪና ሲደበዝዝ ቀለሙ ያለቀ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አላለቀም። አልትራቫዮሌትና አየር የክሊሩን ሙጫ ከላይ ከላይ ይሰባብሩታል፤ አቧራ ያዘለ ጨርቅ፣ የወፍ ኩስ፣ ደርቆ የቀረ የውኃ ጠብታ ደግሞ የየራሳቸውን ጠባሳ ይተዋሉ። ገጹ ሲሻክር ብርሃን ቀጥ ብሎ መመለሱ ቀርቶ ይበታተናል፤ እኛም ያንን «ነጣ፣ አረጀ» እንላለን። ኮፈኑና ጣራው ከበሮቹ ቀድመው የሚያረጁት ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ ነው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጆግ ውኃ ያዙ። የደበዘዘው ቦታ ላይ አፍስሱና እርጥብ እያለ ተመልከቱት። ውኃው የሻከረውን ገጽ ጉድጓድ ጉድጓድ ሞልቶ ለጊዜው ያስተካክለዋል። እርጥብ ሳለ የቀድሞ መልኩን አግኝቶ ሲደርቅ ተመልሶ የሚነጣ ከሆነ ጉዳቱ ላዩ ላይ ነው፤ ፖሊሽ ሊያድነው ይችላል። እርጥብ ሆኖም እንኳ ዙሪያው የተቆረጠ ነጭ ቦታ ከታየ፣ ዳሩም በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነ ክሊሩ ራሱ ለቋል። እዚያ ላይ የሚፋቅ ነገር አልቀረም፤ ቢያሹትም የሚያገኙት ራቁቱን የቀረውን ቀለም ነው። ለጭረትም ጥፍር ይበቃል። ጭረቱን አቋርጦ ሲያልፍ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ጥልቅ ነው፤ እሱን ለማጥፋት መሞከር ዙሪያውን በሙሉ ማሳሳት ይሆናል። በፖሊሽ ጠርዙን አለዝቦ፣ ከዚያ አብሮ መኖር ይሻላል።

ክሊር የሌላቸው መኪኖችም አሉ። የድሮዎቹ፣ በተለይም ብረታማ ብልጭታ የሌለው አንድ ወጥ ቀለም የተቀቡት፣ መልኩም ብርሃኑም በአንድ ሽፋን ውስጥ ነው። በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ ይዞ የማይታይ ጥግ ላይ ማሸት ይህን ይለያል፦ ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ክሊር የለም ማለት ነው። ቀይ ጨርቅ ይዞ መቆም ቢያስደነግጥም ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለው ቀለም በእጅ ሲታሽ ደህና አድርጎ ይመለሳል። ሆን ተብሎ እንዳያበራ የተቀባ ደብዛዛ ቀለም ግን ፖሊሽ ሊነካው አይገባም። ከተነካ አንዱ ቦታ ብልጭ ብሎ ይቀራል፣ መመለሻም የለውም።

ወደ ሥራው ስንገባ ዋናው ድካም ከፖሊሹ በፊት ያለው እጥበት ነው። ገጹ ላይ አንዲት ጠጠር ከቀረች ጨርቁ ስር ገብታ መኪናውን ዙሪያውን ትሞነጭረዋለች። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ከደረቀ በኋላ እጃችሁን በስስ ፌስታል ሸፍናችሁ ኮፈኑ ላይ አንሸራትቱ። ለባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ገጽ በፌስታሉ በኩል እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ይህ የፍሬን ብናኝ፣ የአስፋልት ሬንጅና ውኃ የማያነሳው ሌላ ሌላው ቆሻሻ ነው። የሚያነሳው ክሌይ የተባለ፣ ተለውሶ የሚሠራበት ለስላሳ ማጽጃ ነው፤ ገጹን በሳሙና ውኃ እያራሱ በስሱ ማንሸራተት ነው፣ መጫን የለም። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ጠጠር ይዞ ተነሥቷልና ቁጠባው አያዋጣም።

ከዚያ ፖሊሹ። መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፣ ላሜራውም ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ላሜራ ላይ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል። ከደቃቁ ጀምሩ። ኮምፓውንድ የሚባለው ሻካራው ዓይነት የሚመጣው ደቃቁ ካልበቃ ብቻ ነው፤ የተፋቀ ክሊር አይመለስምና። አንድ ቦታ፣ አርባ ሴንቲ ሜትር በአርባ የሚሆን፣ መርጣችሁ እሱን እስከ መጨረሻው ሞክሩ፦ ስፖንጁ ላይ ጥቂት ጠብታ፣ መካከለኛ ጫና፣ መስመር በመስመር እየተደራረበ መሄድ፣ ማይክሮፋይበር በተባለው ለስላሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በስልክ መብራት ጎን ለጎን ማየት። የፀጉር መሰሉ ክብ ክብ ጭረት ሲቀንስ ታያላችሁ። ውጤቱ ካጠገባችሁ ሌላውን በዚሁ ቀጥሉ፤ ካልሆነ ያን ጊዜ ሻካራውን አውጡ፣ ከሱ በኋላም በደቃቁ ድገሙት። የላሜራው እጥፋትና ዳር ላይ ቀለም ስስ ስለሆነ እዚያ ላይ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ብልኅነት ነው።

ማሽን ያስፈልጋል ወይ? ለኮፈንና ለጣራ ብቻ ከሆነ ክንድ ይበቃል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። የሚከራይ ወይም የሚዋሱት ካለ እየተሽከረከረ የሚወዛወዘውን ዱዋል አክሽን የተባለውን ያዙ። በአንድ ማዕከል ብቻ የሚሽከረከረው ሮታሪ ፈጣን ነው፤ ላልለመደው እጅ ግን አንድ ዳር ላይ ትንሽ ቢቆይ ክሊሩን አቃጥሎ ይበሳል። የፕላስቲክ ባምፐር ላይ ይህ አደጋ ይብሳል፣ ፕላስቲክ ሙቀቱን እንደ ብረት አያሰራጭም። ብርጭቆ ወረቀቱም እንዲሁ ነው። 2000 እና 3000 ቁጥር ያለው በውኃ ተነክሮ ጥልቅ መሻከርን እንደሚያነሳ እውነት ነው፤ የክሊሩን ውፍረት ሳያውቁ መጀመር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ርካሽ መላ የሚባሉትም አሉ። የጥርስ ሳሙና ይፍቃል፣ ግን ለቀለም ታስቦ ስላልተሠራ ለአንዲት ጭረት እንጂ ለኮፈን አይሆንም። ናፍጣ ወይም ዘይት ነክሮ መወልወል መኪናውን ማብራቱ አይካድም፤ ቅድም ውኃው ያደረገውን ነው የሚያደርገው፣ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። (ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ገጹ ቅባት ቅባት ካለ፣ ታጥቦ እንዲመጣ መጠየቅ ነውር የለውም።)

የሚጨመረው ነገር ዋክስ ነው። ፖሊሹ ያለሰለሰውን ገጽ ሸፍኖ ውኃና ቆሻሻ ቶሎ እንዳይዝ ያደርጋል፤ ካርናውባ የተባለው ከብራዚል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ነው። እንደ አያያዙ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሹ ረዘም ይላል። በጀቱ ጠበብ ያለበት ሰው የፖሊሹን ብራንድ ትቶ ገንዘቡን እዚህና ደህና ማይክሮፋይበር ላይ ቢያውል እመርጣለሁ። ዋክስ ተደጋግሞ ሊቀባ ይችላል፣ ክሊሩን አይበላምና።

ክሊሩ ለለቀቀበት መኪና ያለው መንገድ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ እንደገና መርጨት ነው። በጣሳ የሚሸጥ ክሊር ሁለት ዓይነት ነው። ያለ ማጠንከሪያ የሚሠራው ቀላል ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ይጎዳል፣ ፀሐይንም ብዙ አይችልም። ማጠንከሪያ ያለው ቱ ኬ የተባለው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ይጎዳል፣ አስምም ያመጣል፣ የአቧራ ማስክም አያግደውም። ለእሱ የሚሆን የመተንፈሻ መከላከያ ከሌለ ለቀለም ቤት መስጠት ነው። ቀድሞ ሲሊኮን ያለበት ዋክስ ወይም ማብሪያ ተቀብታ ከነበረ ለቀቢው ንገሩት፤ በደንብ ካልጸዳ አዲሱ ክሊር የዓሣ ዐይን የመሰለ ክብ ክብ እየሠራ አልይዝ ይላል።